ተመልካችና ምስክር

ወዳጄ አንባቢ ሆይ፥ የሰው ልጅ በሌላው ሰው ድካም ላይ ዓይኑን ጥሎ መዋል ይወዳል። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ወደ ቆሰበር ሜዳ የሚጐርፈውን ሕዝብ ያየ ይህን ያውቃል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር፥ ፈረሰኛና ፈረስ በዓድዋ ጦርነት የፈጸሙትን ተጋድሎ እያሰበ በዚያ ቀን ይሰበሰባል። ከሰባቱ የአገው ቤቶች የመጡት ፈረሰኞች በመርገፍ ያጌጡ ፈረሶቻቸውን እየሳቡ ይወጣሉ፤ ጉግሱም ሽምጥ ግልቢያውም ይሆናል። የከተማው ነጋዴ፥ ተማሪው፥ ከባሕር ዳርና ከአዲስ አበባ የመጣው እንግዳ በዳር ቆሞ ይመለከታል። ስለ በዓሉ ልከራከርህ ይህን አልጻፍሁም። በሜዳው ስለሚጋልቡትም ብዙ አልናገርም። ነገሬ በዳር ስለ ቆሙት ነው፤ ከእነርሱም አንዱ አንተ ነህ።

ማየት ኃጢአት ነው አልልህም። ሐዋርያው ጳውሎስ በቆሮንቶስ ዓመት ከስድስት ወር ተቀመጠ። በዚያች ከተማ አጠገብ በየሁለት ዓመቱ ታላቅ የውድድር በዓል ይደረግ ነበር፤ አሸናፊውም ከቅጠል የተጐነጐነ፥ በጥቂት ቀን የሚጠወልግ አክሊል ይቀበል ነበር። ሐዋርያው ወደዚያች ከተማ ምእመናን በጻፈው በመጀመሪያው መልእክት ምዕራፍ 9 ላይ የሯጩን ራስ መግዛት ለነፍስ ትምህርት አድርጎ አቀረበ እንጂ ሩጫውን አልነቀፈም። ስለዚህ ወደ ሜዳ ብትወጣ አልከለክልህም፤ በዚያ ቆመህ የምታደርገውን ግን እጠይቅሃለሁ።

ፈረስ ተሰናክሎ ጋላቢው በአፈር ላይ ሲወድቅ ምን ትሰማለህ? ሳቅ ነው። የወደቀው ከሌላ ቤት የመጣ እንደ ሆነ ሳቁ ይበረታል። ዛሬ ደግሞ የባሰ ልማድ መጥቷል፤ እጁን ሊሰጠው የሚገባው ሰው ስልኩን ያወጣል፥ ውድቀቱንም ቀርጾ በዚያ ላልነበሩት ለብዙዎች ያሳያል። ያ ሰው አንድ ጊዜ ወደቀ፤ እኛ ግን መቶ ጊዜ ጣልነው።

በሩቅ አገር ታላላቅ ከተሞች ትራያትሎን የሚባል ውድድር ይደረጋል። በኦሊምፒክ እንደሚደረገው ሥርዓት ተወዳዳሪው አስቀድሞ 1,500 ሜትር በውኃ ይዋኛል፤ ከዚያ ወጥቶ 40 ኪሎ ሜትር በብስክሌት ይጓዛል፤ በመጨረሻም 10 ኪሎ ሜትር በእግሩ ይሮጣል፤ በመካከሉ ዕረፍት የለም። ሊመለከት የወጣ ሰው በመንገዱ ዳር አጥር ተደግፎ ሰዓታት ይቆማል፤ ተወዳዳሪው ግን በፊቱ የሚያልፈው እንደ ጥላ በቅጽበት ነው። በውኃው ውስጥ ማን እንደ ገፋው፥ በዳገቱ ላይ ምን እንዳመመው ተመልካቹ አላየም። ያችን አንዲት ቅጽበት ብቻ ይዞ «ይህ ሰነፍ ነው» ቢል ፍርዱ ምን ዋጋ አለው? ጎረቤትህንም የምታየው እንዲሁ ነው። ማታ ከመጠጥ ቤት ሲወጣ አየኸው፤ ከዚያ በፊት ሦስት ወር በጾምና በጸሎት ከራሱ ጋር ሲታገል ግን በአጠገቡ አልነበርህም።

መስከረም 8 ቀን 2009 ዓ.ም. በሜክሲኮ አገር በኮዙሜል ደሴት በተደረገው የዚህ ውድድር ጊዜ የሆነውን ልንገርህ። ከእንግሊዝ አገር የመጡ ሁለት ወንድማማች፥ አሊስተርና ጆናታን ብራውንሊ፥ ይወዳደሩ ነበር። ታናሹ ጆናታን በሩጫው ሁሉን ቀድሞ ሲገሰግስ፥ ጥቂት መቶ ሜትር ሲቀረው ሙቀቱ አዛለው፤ እንደ ሰካራም እየተንገዳገደ ከመንገዱ ዳር ደረሰ፥ ቆመም። አሊስተር ከኋላ መጣ። እርሱ በ2004 እና በ2008 ዓ.ም. በኦሊምፒክ የወርቅ ሜዳይ ያገኘ፥ ማሸነፍን የሚያውቅ ሰው ነው። የደቡብ አፍሪካው ሄንሪ ስኩማን ከአጠገቡ አልፎ ወደ ድል ሲሮጥ እያየ፥ የወንድሙን ክንድ በትከሻው ላይ አደረገ፥ እየደገፈም አደረሰው። በፍጻሜው መስመርም ወንድሙን ወደ ፊት ገፋው፤ ጆናታን ሁለተኛ፥ እርሱ ሦስተኛ ሆነ። ስለ ሃይማኖቱ የምነግርህ ነገር የለኝም። ነገር ግን እኛ ወንድሜ ወንድሜ እየተባባልን በአንድ ወንበር የምንቀመጥ ምእመናን ይህን ስንሰማ ማፈር ይገባናል።

አሁን ወደ ቃሉ እንመለስ። ወደ ዕብራውያን የተጻፈው መልእክት በምዕራፍ 11 አቤልን፥ ኖኅን፥ አብርሃምን፥ ሙሴን፥ ሌሎችንም ከቈጠረ በኋላ፥ በምዕራፍ 12 መጀመሪያ እነዚህ ሁሉ እንደ ደመና በዙሪያችን ያሉ ምስክሮች እንደ ሆኑ ይናገራል፤ እኛም በፊታችን ያለውን ሩጫ በትዕግሥት እንድንሮጥ ያዝዛል። ብዙ ሰው ይህን ሲያነብ በሰማይ ደርብ ላይ ተቀምጠው ቁልቁል የሚያዩንን ሰዎች ያስባል። እኔ ግን በዚህ ብቻ አልረካም። ምስክር በግዕዝ ሰማዕት ይባላል፤ እኛም በአማርኛ ሰማዕት የምንለው ስለ መሰከረው እውነት ደሙን ያፈሰሰውን ነው። በጽርዕ ቋንቋም አንዱ ቃል ሁለቱን ይይዛል። እንግዲህ እነዚያ አባቶች ወንበር ይዘው የተቀመጡ አይደሉም፤ አስቀድመው የሮጡ፥ የወደቁ፥ የተነሡ፥ የደረሱም ናቸው። የሚመሰክሩልንም መንገዱ እስከ ፍጻሜው የሚያስኬድ መሆኑን ነው። የሮጠ ሰው በወደቀው ላይ አይስቅም፤ ድንጋዩን ያውቀዋልና።

ስለ ማየት ሌላ ነገር ደግሞ አለ። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ከተማ የማራቶን ሩጫ ሆነ። ጀግናው አበበ ቢቂላ እግሩን ታሞ ከመንገድ ወጣ፤ ማሞ ወልዴ ግን በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ ደርሶ ወርቁን ለኢትዮጵያ አመጣ፤ ሕዝቡም አጨበጨበ። ከዚህ በኋላ ብዙው ተመልካች ወደ ቤቱ ሄደ። ከአንድ ሰዓት በላይ ዘግይቶ የታንዛንያው ጆን ስቲቨን አኽዋሪ፥ በመንገድ ወድቆ የቈሰለ ጉልበቱን ታስሮ፥ እያነከሰ ወደ ስታዲየሙ ገባ። የቀሩት ጥቂቶች ተቀበሉት። ከመጀመሪያው ጋር ለመደሰት መቆም ቀላል ነው፤ የመጨረሻውን ቆሞ መጠበቅ ግን ፍቅርን ይጠይቃል። በፈተና ያለፈውን ተማሪ ቤት የሚሞላው እንግዳ ብዙ ነው፤ የወደቀውን ልጅ ደጅ የሚያንኳኳ ማን ነው?

«እኔ ምንም ክፉ አላደረግሁም፥ ቆሜ አየሁ እንጂ» የምትለኝ እንደ ሆነ፥ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 7ን አንብብ። እስጢፋኖስን በድንጋይ ሲወግሩት ሳውል የሚባል ጎልማሳ በዚያ ነበረ። ድንጋይ እንደ ወረወረ አልተጻፈም፤ የወራሪዎቹ ልብስ በእግሩ አጠገብ ተቀመጠ፥ እርሱም ጠበቀ። እነሆ ይህ ሁሉ ሥራው ነው! ነገር ግን ከብዙ ዘመን በኋላ ጳውሎስ ሆኖ በኢየሩሳሌም ሲናገር፥ በምዕራፍ 22 እንደምናገኘው፥ ያን ቀን አልረሳውም፤ በዚያ ቆሞ እንደ ተስማማ፥ ልብስም እንደ ጠበቀ በጌታ ፊት ተናዘዘ። በመንገድ ዳር ቆሞ መስማማት ምን ያህል እንደሚከብድ ከዚህ ሰው ተማር።

በጌታችን መስቀል ዙሪያም ሕዝቡ ቆሞ ይመለከት እንደ ነበር ሉቃስ በምዕራፍ 23 ጽፎአል። አለቆቹ ያፌዛሉ፤ ሕዝቡም ያያል። ከእነዚህ ሁሉ መካከል አንድ አፍሪካዊ መስቀሉን ተሸከመ፤ እርሱም ዛሬ ሊቢያ በምትባለው አገር ከነበረችው ከቀሬና የመጣው ስምዖን ነው። ከገጠር ሲመጣ በመንገድ ያልፍ ነበር፤ ሊሸከም አላሰበም፥ ወታደሮቹ አስገደዱት። ማርቆስ በምዕራፍ 15 የልጆቹን ስም እስክንድሮስና ሩፎስ ብሎ መጻፉ፥ አንባቢዎቹ ያውቋቸው ስለ ነበር ይመስለኛል። አባታቸው ያነሣው ሸክም ለቤቱ በረከት ሆነ ማለት ነው።

እንግዲህ ወዳጄ፥ በጉባኤያችሁ የወደቀ ወንድም ወይም የወደቀች እኅት ካለች፥ ስማቸውን ከአንተ ይልቅ የሚያውቅ የለም፤ ባለፈው እሑድ ባዶ የነበረውን ወንበር አይተሃልና። ወደ እርሱ ስትሄድ ከሦስትና ከአራት ሰዎች ጋር አትሂድ፤ ዳኞች የመጡ ይመስለዋል። ብቻህን ሂድ፥ ቢመሽም ሂድ፤ የቆሰበር ብርድና ጭቃ ምክንያት አይሁንህ። ስትገባ ስለ ጥፋቱ አትጀምር፤ ስለ ከብቱ፥ ስለ ልጆቹ፥ ስለ ጤናው ጠይቀው። ቡና ቢያፈሉልህ እስከ በረካው ተቀመጥ። እርሱ ራሱ ነገሩን ካነሣው ስማው፥ በመካከሉም አታቋርጠው፤ ካላነሣው አብራችሁ ጸልዩና ተነሥ። ያየኸውን በመንገድ ለሚጠይቅህ አትንገር። በሳምንቱም ተመልሰህ ሂድ፤ በዚያን ጊዜ ምናልባት በሩን ሳታንኳኳ ይከፍትልሃል።