«አሸነፍን» ስለ ማለት

ጁን 26 ቀን 2022 እሑድ ምሽት ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ኦሮራ፣ ሃቫና ስትሪት ላይ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በአንዱ ተቀምጠናል። ቡናው ሁለተኛው ደርሷል። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን የበረዶ ሆኪ ያሳያል። የዴንቨሩ ቡድን ኮሎራዶ አቫላንሽ ፍሎሪዳ ድረስ ሄዶ ታምፓ ቤይ ላይትኒንግን 2 ለ 1 ረታ፤ በዚህም አራተኛ ድሉን አግኝቶ የስታንሊን ዋንጫ ወሰደ። እዚሁ ኦሮራ ተወልዶ ያደገ አንድ ወጣት ከወንበሩ ብድግ ብሎ በአማርኛ «አሸነፍን!» ሲል ጮኸ። ከጎኔ የነበሩ አንድ አዛውንት ስኒያቸውን እንደያዙ ዘወር አሉና «ልጄ፣ አንተ ደግሞ መቼ ተጫወትህ?» አሉት። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ልጁ አፍሮ ተቀመጠ።

እኔም ከሳቁት አንዱ ነበርሁ። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን የአዛውንቱ ጥያቄ አብሮኝ ገባ። ሰው ባልዘራው አዝመራ ላይ ቆሞ «የእኛ» ማለት ይገባዋልን? ቢገባውስ፣ ለዘራው ሰው ምን ዕዳ አለበት? ይህ ጥያቄ ለስደተኛ የጨዋታ ጥያቄ አይደለም።

እንዲያውም ያ ቡድን ራሱ ስደተኛ ነው። እስከ 1995 ድረስ ካናዳ ውስጥ በኩቤክ ከተማ ይኖር ነበር፤ ስሙም ኖርዲክስ ነበር። ኩቤኮች በክፉ ቀኑ አልተለዩትም። በ1989–90 የውድድር ዘመን ከ80 ጨዋታዎች ያሸነፈው 12ቱን ብቻ ነው። በሊጉ ሥርዓት ደካማው ቡድን ከአዳጊ ተጫዋቾች ቀድሞ የመምረጥ ዕድል ስለሚሰጠው፣ ከ1989 እስከ 1991 ሦስት ዓመት በተከታታይ የመጀመሪያው መራጭ ሆነ። በ1991 የመረጠው ኤሪክ ሊንድሮስ ለኩቤክ አልጫወትም ቢል፣ በ1992 እርሱን ሰጥቶ ፒተር ፎርስበርግን ጨምሮ ብዙ ተጫዋቾችን ተቀበለ። ጆ ሳኪክም ከ1988 ጀምሮ በዚያው ከተማ ጎልምሷል። ኩቤክ በሽንፈቷ ዘር ገዛች ማለት ይቻላል። በ1994–95 አዝመራው አፈራ፤ ቡድኑ በምሥራቁ ምድብ አንደኛ ወጣ። ነገር ግን የካናዳ ብር ረክሶ ነበር፤ የተጫዋቾቹ ደመወዝ በአሜሪካ ዶላር ይከፈል ነበር፤ ከተማዋ ትንሽ፣ አዳራሹም አሮጌ ነበር። ቡድኑ ተሸጠ፤ ወደ ዴንቨር ተጋዘ፤ ስሙም ተለወጠ። በአዲሱ አገሩ በመጀመሪያው የውድድር ዘመን፣ በጁን 1996፣ ፍሎሪዳ ፓንተርስን አራት ለባዶ ጠርጎ ዋንጫውን አነሣ። ዴንቨሮች አንድ ክረምት ጠብቀው ጨፈሩ። ለዓመታት የጠበቁት ኩቤኮች ጭፈራውን በቴሌቪዥን ተመለከቱ።

ይህን ታሪክ ባሰብሁ ቁጥር ራሴን ከዴንቨር ይልቅ በኩቤክ ወገን አገኘዋለሁ፤ ግን እንደ ተመልካቹ አይደለም፤ እንደ ተወሰደው ተጫዋች ነው እንጂ። እኔ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተማርሁት ትምህርቱ፣ መኝታውና ምግቡ በነፃ በነበረበት ዘመን ነው። «በነፃ» ስል ለእኔ ነው። አንድ ሰው ከፍሎታል፤ ያ ሰው ልጁን ወደ ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ማድረስ ያልቻለው ገበሬ ነው። ዛሬ ግብሬ የሚጠግነው የኮሎራዶን መንገድ ነው። ወጪት ሰባሪ የሚለው የአባቶች ቃል እንደ እኔ ላለው ሰው የተነገረ አይመስላችሁም?

መልስ መስጠት ከመቻሌ በፊት ግን የወጣቱን ነገር ልጨርስ። ከሳምንት በኋላ በዚያው ቤት አገኘሁት። አዛውንቱም ነበሩ። የ2016–17 የውድድር ዘመንን ታስታውሱታላችሁ ወይ ብሎ ጠየቀን። አናስታውሰውም። በዚያ ዓመት አቫላንሽ ከ82 ጨዋታዎች 22ቱን ብቻ አሸንፎ በ56ቱ ተሸነፈ፤ የቀሩትን አራት ከመደበኛው ሰዓት በኋላ አጣ። በ48 ነጥብ የሊጉ ጭራ ሆነ። የልጁ አባት ታክሲ ነጂ ነበር፤ ማታ ማታ አዳራሹ በር ላይ ተሰልፎ ተመልካች ይጠብቃል። ቡድኑን የሚፈልገው ሰው ጠፍቶ ቲኬቱ ሲረክስ ልጁን ይዞ መግባት ጀመረ። «አምስት ጊዜ ገባን፤ አምስቱንም ጊዜ ተሸነፍን» አለ ልጁ። አዛውንቱ ዝም ብለው ካዳመጡ በኋላ፣ «እንግዲያ ለቅሶ ደርሰሃላ!» አሉት። ያ ሳቅም ቀልድም አልነበረበትም።

በእኛ አገር ሥርዓት ሠርግ የተጠራ ሁሉ ይመጣል፤ ያልተጠራም ይመጣል። ሰው የሰፈሩ ሰው መሆኑ የሚታወቀው ግን በለቅሶ ነው። ዕድር የተመሠረተው ለድግስ አይደለም። አዲስ ገቢ ጎረቤት ከየትም ይምጣ፣ ድንኳን ሲተከል ቆሞ ካማገረ፣ ሦስት ቀን ከተቀመጠ፣ ከዚያ በኋላ «እኛ» ሲል «ማን ነህ?» የሚለው የለም። በ2016–17 ያሠለጠነው ጃሬድ ቤድናርና አምበሉ ጋብሪኤል ላንድስኮግ በ2021–22ም አልተለወጡም፤ በዚያ ዓመት ቡድኑ በመደበኛው ውድድር ያሸነፈው ቀድሞ የተሸነፈውን ያህል፣ ልክ 56 ጨዋታ ነበር። የታክሲ ነጂው ልጅ ሁለቱንም ሃምሳ ስድስት ያውቃል። ስለዚህ «አሸነፍን» ማለት ይገባዋል፤ የተወለደበት ከተማ ወይም የለበሰው ማልያ ሳይሆን ያዘነው ኀዘን ነው መብቱን የሰጠው።

ይህን ፍርድ ከሰጠሁ በኋላ ግን ተመልሶ ወደ እኔ ዞረ። አባቴ ሲሞት አገር ቤት አልነበርሁም፤ ወረቀቴ ገና አላለቀም ነበርና መሄድ አልቻልሁም። ድንኳኑ ተተክሎ የተነሣው እኔ በሌለሁበት ነው። ከዚያ በኋላ በአገሬ ላይ የደረሰውን ረሀብና ጦርነት የሰማሁት በስልክና በዜና ነው። ለልጁ የፈረድሁበት ሚዛን እኔን ቢመዝነኝ፣ ስለ አገሬ ስናገር «እኛ» የምለው በምን መብቴ ነው?

እዚህ ላይ የአንድ ሌላ ሰው ታሪክ ይረዳኛል። ሬይ ቦርክ ከ1979 ጀምሮ ለቦስተን ተጫወተ፤ ለረጅም ዓመታትም አምበሏ ነበር። ዋንጫ ግን አላገኘም። በማርች 2000 ልሂድ ብሎ ጠየቀ፤ ቡድኑም ፈቅዶለት ወደ ዴንቨር መጣ። ጁን 9 ቀን 2001 አቫላንሽ ኒው ጀርሲ ዴቪልስን በሰባተኛው ጨዋታ አሸነፈ። እንደ ልማዱ ዋንጫውን መጀመሪያ ከፍ የሚያደርገው አምበሉ ነው። ሳኪክ ግን ተቀብሎ ሳያነሣው የአርባ ዓመቱን ቦርክ ጠርቶ ሰጠው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ቦርክ ያንን ዋንጫ ይዞ ወደ ቦስተን ተመለሰ፤ ከከተማው ማዘጋጃ ቤት ፊት ለፊት በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ወጥቶ ተቀበለው። ዋንጫው የቦስተን አልነበረም፤ ሰውዬውም ትቷቸው የሄደ ነበር። ቢሆንም ደስታውን የራሳቸው አደረጉት።

ከዚህ የተማርሁት አንድ ነገር ነው። ቦርክ «ዋንጫው የእኛ ነው» ለማለት መብት አልነበረውም፤ ማድረግ የቻለው ይዞት መምጣትና ፊታቸው መቆም ነበር። «እኛ» ያሉት የቀሩት ናቸው። ለቅሶ ያልደረሰ ሰው «እኛ» የሚለውን ቃል በራሱ ሥልጣን ሊወስደው አይችልም፤ ሊለምነው ግን ይችላል። ዕዳ አለብን ስንል ብዙ ጊዜ ገንዘብ እናስባለን፤ ገንዘቡም ይላክ፣ መልካም ነው። ከገንዘቡ ቀድሞ የሚመጣው ግን በቀሩት ሰዎች ፊት ድምፅን ዝቅ አድርጎ መቆም ነው። እኛ ስደተኞች ደግሞ ከሁሉ ያነሰን ይህ ነው፤ ከሩቅ ሆነን ስለ አገር ስንናገር ከቀሩት ይልቅ የምንጮኸው እኛ ነንና።

በየእሑዱ ለእኅቴ እደውላለሁ። እንዴት ናችሁ ስላት ሁልጊዜ የምትመልስልኝ ያንኑ ነው፤ «እኛ ደኅና ነን» ትላለች። በዚያ «እኛ» ውስጥ እኔ ልኑር አልኑር እስካሁን ጠይቄያት አላውቅም። መጠየቅ እንዳለብኝ አውቃለሁ።