ክህነትና መሥዋዕት

ክህነት ክብር ነው፤ መሥዋዕት ግን ራስን መስጠት ነው። እነዚህ ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ እንዴት ይገናኛሉ? ብለን ብንጠይቅ መልሱን አስቀድመን የምናገኘው ከሊቀ ካህናችን ከኢየሱስ ክርስቶስ ነው።

በኦሪት ሥርዓት ካህኑ ሌላ፣ መሥዋዕቱም ሌላ ነበር። ከአሮን ወገን የሆነው ካህን በጉን ያቀርባል፤ ደሙን ይረጫል፤ እርሱ ግን በደኅና ወደ ቤቱ ይመለሳል። ያም መሥዋዕት ኃጢአትን ፈጽሞ ማራቅ ስላልተቻለው በየጊዜው ይደገም ነበር። ጌታችን ግን ኅብስትና ወይን ይዞ አብርሃምን በተቀበለው በመልከ ጼዴቅ ሥርዓት ካህን ሆኖ በመጣ ጊዜ፣ አቅራቢውም የሚቀርበውም እርሱ ራሱ ሆነ። በቀራንዮ አንድ ጊዜ የቀረበው መሥዋዕት ለዘለዓለም የበቃ ነውና፣ ዛሬ በቅዳሴ ጊዜ ሁለቱ ካህናትና ሦስቱ ዲያቆናት የሚያገለግሉት ያንኑ አንዱን ነው እንጂ ሌላ አዲስ መሥዋዕት አይደለም።

እንግዲህ መሥዋዕቱ ፍጹም ከሆነ የካህኑ ኑሮ ምን ይጨምርበታል? የሚል ይኖር ይሆናል። በእውነቱ ምንም አይጨምርበትም፤ የምሥጢሩ ጸጋ በካህኑ ብቃት አይለካምና። ነገር ግን ክህነቱን የተቀበለው ራሱን ከሰጠ ጌታ ስለሆነ፣ አቅራቢ ብቻ ሆኖ ራሱን ሳይሰጥ የሚኖር ካህን በእጁ የያዘውን በኑሮው ይክዳል።

የደብረ ታቦር ከተማ ስም ይህንኑ ያሳስበናል። በጉና ተራራ አቅራቢያ ያለችው ይህች ከተማ የተሰየመችው ጌታችን ብርሃነ መለኮቱን በገለጠበት ተራራ ስም ነው፤ በዓሉም ነሐሴ 13 ቀን ይከበራል። በዚያ ተራራ ላይ ጴጥሮስ ሦስት ዳስ ሠርቶ መኖርን ወደደ፤ ሙሴና ኤልያስ ግን ከጌታ ጋር ይነጋገሩ የነበረው በኢየሩሳሌም ስለሚፈጸመው ስለ ሞቱ ነበር። ከተራራው ክብር በኋላ ወደ መስቀሉ መውረድ ነበረና። የካህኑም ጥምጥምና መስቀል ዳስ ሠርተው የሚያርፉበት ክብር አይደለም።

በደቡብ ጎንደር ደጋ የገጠሩ ካህን እንደ ጎረቤቶቹ በሬ ጠምዶ ያርሳል፤ ልጆች ያሳድጋል። የንስሐ ልጆቹም ዘመዶቹና ጎረቤቶቹ ናቸው። በሁለት ወገን መካከል ደም በፈሰሰ ጊዜ፣ ደሙን ለማድረቅ ከሽማግሎች ጋር መስቀሉን ይዞ በመካከል የሚቆመው እርሱ ነው። የሟችን ወገን ይቅር በሉ፣ ገዳዩንም ንስሐ ግባ፣ ካስ ማለት ይገባዋል። ገዳዩ የሥጋ ዘመዱ ወይም በየዝክሩ የሚጠራው ባለጸጋ ቢሆንሳ? ዝም ቢል ወዳጁን አያጣም፤ ቢናገር ግን ማዕዱንም ወዳጅነቱንም ሊያጣ ነው። የካህኑ መሥዋዕትነት የሚፈተነው በዚህ ሰዓት ነው።

ይህ መንገድ እስከ ሞት እንደሚያደርስ ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ አሳይተውናል። አርበኞችን እንዲያወግዙ የኢጣልያ ወራሪዎች ቢያስገድዷቸው እንቢ በማለታቸው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት ተደብድበው ሞቱ። የዓለም ቤዛ አንዱ ክርስቶስ ብቻ ነው፤ የእርሳቸው ደም የምስክርነት ደም ነው። ይሁን እንጂ ስለ መንጋው ራሱን የሰጠው የቸሩ እረኛ መልክ በእርሳቸው ታይቷል።

እኛም ምእመናን መሥዋዕትን ለካህናት ብቻ ትተን ልንቀመጥ አይገባንም። በቤተ ልሔም ለሚዘጋጀው ኅብስት ስንዴው የሚመጣው ከገበሬው ማሳ ነው። ነገር ግን ስንዴውን ሰጥቶ ቂሙን በልቡ ያስቀረ ሰው የእህሉን ሰጠ እንጂ ራሱን አልሰጠም፤ ጌታችንም መባ ከማቅረብ በፊት ከወንድም ጋር መታረቅን አዝዞናል። ካህኑ እውነት በመናገሩ ማዕድ ቢነፈገው፣ ማዕዳችንን ልናካፍለውና ከጎኑ ልንቆም ይገባናል። ካህኑ ፍርሃቱን፣ እኛም ቂማችንን በአንዱ መሥዋዕት ፊት ለመተው እንድንበቃ የእግዚአብሔር ቸርነት ይርዳን፤ አሜን።