ባላና ሕሊና

አዳኝ ጠመንጃውን ባላ ላይ አስደግፎ ቢተኩስ ጀግንነቱ ይጎድላል ወይ? ጥያቄው ለእንደኛ ዓይነቱ መጽሔት የሚመጥን አይመስል ይሆናል። «ስለ ነፃነትና ስለ ፍትሕ እንጻፍ እንጂ ስለ ባላ ምን አገባን?» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። እኔ ግን ስለ ኀላፊነት ከማውቀው ውስጥ ጥቂት የማይባለውን የተማርኩት ከአንድ የወይራ ባላ ነውና እስቲ ነገሩን ከሥሩ ልጀምር።

ከአንኮበር አፋፍ ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ ሲወርዱ ብርዱ ይቀራል፤ ገብሱም ይቀርና ማሽላው ይጀምራል። ማሽላ ባለበት ደግሞ ከርከሮ አለ። አዝመራው በሚደርስበት ወራት ገበሬው ማማ ላይ ያድራል፤ ልጆች በወንጭፍ፣ ትልልቆቹ በጩኸትና በእሳት ይከላከላሉ። ጠመንጃ ያለው ጠመንጃውን ያወጣል። እኛ ቤት አንድ አሮጌ ምንሽር ነበረ።

አያቴ ያለ ባላ አይተኩሱም ነበር። ባላውን የቆረጡት ከወይራ ነው፤ ቁመቱም ተቀምጠው ሲያነጣጥሩ ከትከሻቸው ጋር እንዲተካከል አድርገው። መንታው መሐል የጋቢ ቁራጭ ጠምጥመውበታል። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ «ብረት ደረቅ ነገር ላይ ሲያርፍ ይዘላል፤ ለስላሳ ይወዳል» አሉኝ። አፈሙዙንም አያስደግፉም፤ የሚያስደግፉት ግራ እጃቸው የሚይዘውን የእንጨቱን ክፍል ነው። የሰፈሩ ጎረምሳ ግን ይስቅባቸው ነበር። «ሽማግሌው ለጠመንጃቸውም ምርኩዝ ሰጡት!» ይላል።

የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ በኅዳር ወር፣ ጀምበር ልትጠልቅ ስትል አንድ ከርከሮ ከማሽላው ጥግ ብቅ አለ። አጎቴ ምንሽሩን አነሣ። አያቴ ባላውን አቀበሉት፤ ጎረምሶቹ ቆመው ስለሚያዩት እጁን አልዘረጋም። ቆሞ አነጣጠረና ተኮሰ። ከርከሮው ወደቀ፣ ተነሣ፣ የኋላ እግሩን እየጎተተ ገደሉ ውስጥ ገባ። «መታው! መታው!» ተባለ። ደሙን ተከትለን እስኪጨልም ፈለግነው፤ አጣነው። ሌሊቱን ማማው ላይ ሆነን ድምፁን እንሰማ ነበር። ሲነጋ አያቴ ወርደው አገኙት። ገና አልሞተም ነበር።

«ምን ላድርግ አባባ፣ ነፋሱ እጄን ነቀነቀብኝ» አለ አጎቴ።

«ነፋሱንማ ባላው ይችልልህ ነበር» አሉት አያቴ። «አንተ ግን ነፋሱን ለዛሬ ጠዋት ፈልገኸው ነው።»

ይህን ንግግር በዚያን ጊዜ አልገባኝም። አሁን ግን አንድ ሙሉ የግብረ ገብ ትምህርት ያለበት ይመስለኛል። ባዶ እጁን የሚተኩስ ሰው ከጠመንጃው ጋር አንድ ሰበብ ይዞ ይወጣል። ቢመታ «እጄ!» ይላል፤ ቢስት ነፋሱ፣ ድካሙ፣ ብርዱ አለለት። ባላ የያዘ ሰው ግን ሰበቡን አስቀድሞ ጥሎታል። ጥይቱ ያረፈበት ቦታ እርሱ የመረጠው ቦታ ነው። ስለዚህ ባላ የሚደግፈው እጅን ብቻ አይደለም፤ ኀላፊነትንም ከእጅ አንሥቶ ሕሊና ላይ ያስቀምጠዋል።

ነገሩ በሒሳብም ይታያል። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ጠመንጃ ሰደፉ ትከሻ ላይ ረግቶ አፈሙዙ አንድ ሚሊሜትር ብቻ ቢዛነፍ፣ 100 ሜትር ላይ ስሕተቱ 10 ሳንቲሜትር ይሆናል። በልብና በሆድ መካከል ያለው ልዩነት ከዚህ ብዙም አይበልጥም። የቆመ ሰው ደግሞ ይተነፍሳል፣ ጡንቻው ይዝላል፣ የልቡ ምት እንኳ አፈሙዙን ያነቃንቃል። ይህ የተፈጥሮ ጉዳይ እንጂ የወኔ ጉዳይ አይደለም። ጀግናም ቢሆን ይተነፍሳል።

ታዲያ የጎረምሶቹ ሣቅ ከየት መጣ? በእኔ አስተያየት ከጦር ዘመን የተወረሰ ነው። ድሮ አንበሳና ዝሆን በጦር የገደለ ሰው የራሱን ነፍስ አስይዞ ነው የገባው። ጎፈሩም ሆነ የጆሮው ወርቅ የዚያ ድፍረት ዋጋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 እንግሊዛዊው ካፒቴን ሃሪስ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጣ ካመጣው ገጸ በረከት አንዱ 300 ጠመንጃ ነበር፤ ሰውየው ራሱ ከዚያ በፊት በደቡብ አፍሪካ ስላደረገው አደን መጽሐፍ የጻፈ አዳኝ ነው። በአጼ ምኒልክ ዘመን ደግሞ ስሙን ከፈረንሳይኛ የወረሰው ውጅግራ በብዛት ገባ። ጠመንጃው ሲመጣ አደጋው ራቀ፤ ክብሩ ግን ባለበት ቀረ። መቶ ሜትር ርቆ፣ ሊጎዳው በማይችል አውሬ ፊት፣ ባዶ እጁን ቆሞ የሚተኩስ ሰው የጦረኛውን ክብር በጥይት ዋጋ ሊሸምት ይፈልጋል። ልዩነቱን የሚከፍለው ማነው? ከርከሮው ነው።

የጥንት ስቶይኮች ስለ ቀስተኛ የሚያነሡት ምሳሌ አለ፤ ሮማዊው ሲሴሮ መዝግቦታል። ሐሳቡ በአጭሩ እንዲህ ነው፦ የቀስተኛ ግዳጅ በትክክል ለማነጣጠር የሚቻለውን ሁሉ ማድረግ ነው፤ መምታቱ ግን ሙሉ በሙሉ በእጁ አይደለም። ብዙዎች ይህን የሚያነሡት ለመጽናኛ ነው፤ «ብስትም የቻልኩትን አድርጌያለሁ» ለማለት። እኔን የሚያስደነግጠኝ ግን «የሚቻለውን ሁሉ» የሚለው ነው። ባላው እጁ አጠገብ እያለ ያልያዘ ሰው የሚቻለውን ሁሉ አድርጓል ልንለው አንችልም። መጽናኛው የሚገባው ለባለባላው ብቻ ነው።

ተቃዋሚም አለ፤ ክርክሩም ቀላል አይደለም። «ባላ ካልክ ነገ መነጽር፣ ከነገ ወዲያ መብራት ትላለህ፤ እጅ በተደላደለ ቁጥር መግደል ይቀላል» ይላል። እውነት አለው። ባላ የያዘ ሰው ባዶ እጁን የማይሞክረውን 300 ሜትር ሊሞክር ይችላል። ያን ጊዜ ባላው የቀነሰውን ስሕተት ርቀቱ ይመልሰዋል። ስለዚህ ባላ ስሕተት መቀነሻ እንጂ ርቀት መግዣ መሆን የለበትም። አያቴም ባላ ይዘው ከሌሎቹ ቀርበው ነበር የሚተኩሱት።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ባላ የማይመልሰው ጥያቄ አለ፤ ልተኩስ ወይስ ልተው? በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541 ያለ ፈቃድ ማደንን ከልክሏል። ሕጉም ሳይመጣ የመንዝ ሰዎች ጓሳን ለዘመናት ዘግተው ሲጠብቁ፣ ጊዜው ሳይደርስ ማጭድ አያስነሡበትም ነበር፤ ዛሬ ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው እዚያ የሚታዩት በዚህ ዓይነት የእጅ ቁጥብነት ጭምር ነው። ባላ ለክፉም ለደግም እኩል ይቆማል፤ በሰው ላይ የተነጣጠረ ጠመንጃንም ያረጋጋል። እጅን ማርጋት ዓላማን ማጽደቅ አይደለም።

ነገሩን ወደ ራሳችን ልመልሰው። እኛ ጠመንጃ የለንም፤ ምላስ ግን አለን። ስብሰባ ላይ ተነሥተን በአንድ ጓደኛችን ላይ ስንፈርድ፣ ማስረጃ ሳንይዝ፣ አጨብጫቢ ስላለ ብቻ፣ ባዶ እጃችንን ቆመን የተኮስንበት ጊዜ ስንት ነው? «መታው!» ተብሎልን የቆሰለው ሰው ሌሊቱን የት እንዳደረ የጠየቀ አለ? እኔ አልጠየቅሁም።

አጎቴ አሁን አርጅቷል። ባለፈው ክረምት ቤት ስሄድ የአያቴን ባላ ጓዳ ውስጥ አየሁት። ጨርቁ ተቀይሯል። እኔም ምንም አልተናገርኩም፤ እርሱም አልነገረኝም።