ክርስቶስ በውስጣችን መልክ እስኪይዝ ድረስ



ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች በጻፈው መልእክት በምዕራፍ 4 ቁጥር 19 ላይ አንባቢው የማይጠብቀውን ነገር ይናገራል። እስከዚያ ድረስ ሲገሥጽ፣ ሲከራከርና ሲቈጣ የቆየው ሐዋርያ በድንገት ድምፁን ለውጦ እንደ ልጆቹ ይጠራቸዋል፤ ራሱንም ምጥ እንደ ያዛት እናት ይቈጥራል። ምጡም የሚያቆመው ክርስቶስ በእነርሱ ውስጥ መልክ ሲይዝ እንደ ሆነ ይገልጽላቸዋል። ከዚህም በላይ የሚያስደንቀው ይህ ምጥ ሁለተኛ መሆኑ ነው። ወንጌልን ሰብኮ ወደ ጥምቀት ሲያደርሳቸው አንድ ጊዜ አምጦ ነበር፤ አሁን ደግሞ የተጠመቁትን ሰዎች ዳግመኛ ያምጣል። ጥምቀታቸው ጎድሎ አይደለም፤ በጥምቀት የተዘራው ገና ፍሬ ባለመያዙ ነው እንጂ።

በምናነበው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በዚህ ስፍራ የተቀመጠው ቃል ከ«መሣል» የወጣ ስለ ሆነ ለብዙዎቻችን በዐይነ ሕሊናችን የሚመጣው ሠዓሊና ሸራ ነው። ሐዋርያው የተጠቀመበት የግሪክ ቃል ግን መልክ ወይም ቅርጽ ከሚል ሥር የተገኘ ነው፤ ከምጥ ጋር ተያይዞ ስለ ተነገረም በማኅፀን ያለውን ፅንስ ያስታውሰናል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ሠዓሊው ከሥዕሉ ውጭ ቆሞ ይሠራል፤ ያልወደደውን ይደመስሳል፤ በፈለገ ጊዜ ብሩሹን አኑሮ ይሄዳል። ፅንስ ግን መልክ የሚይዘው በጨለማ፣ ማንም ሳያየው፣ ከእናቱ ደም እየተመገበ ነው። እናቲቱም ብትሆን የልጁን ጣቶች አንድ በአንድ አልሠራችም፤ ተሸከመችው እንጂ።

በቤተ ክርስቲያናችን «ሕንጸት» የሚለውን ቃል እንወደዋለን፤ የካህናት ሕንጸት፣ የደናግል ሕንጸት፣ የወጣቶች ሕንጸት እንላለን። ሐነጸ ከሚለው የግዕዝ ግስ የወጣ መልካም ቃል ነው፤ ሐዋርያውም ራሱ ምእመናንን በሕንጻ መስሏቸዋል። ነገር ግን ሕንጻ የምረቃ ቀን አለው። ሪባን ይቈረጣል፤ እንግዶች ይጨበጨብላቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ሥራው አለቀ ይባላል። እኛም ሕንጸት ስንል ብዙ ጊዜ የሦስት ቀን ዐውደ ጥናትና በመጨረሻው ቀን የሚሰጠውን የምስክር ወረቀት ማለታችን ሆኗል። ትምህርቱ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም፤ እኔም ከሚያስተምሩት አንዱ ነኝ። ይሁን እንጂ ስለ ኢየሱስ ማወቅና ኢየሱስን መምሰል ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ረስተን እንደ ሆነ ራሳችንን መጠየቅ ይገባናል።

ከሐዋርያት የበለጠ ስለ እርሱ የሰማና ያየ ማን ነው? አብረውት በሉ፣ አብረውት ተጓዙ፣ ተአምራቱን በዐይናቸው ተመለከቱ። ሆኖም በመጨረሻው እራት፣ ሥጋውንና ደሙን በሰጣቸው በዚያው ማዕድ ላይ፣ ከመካከላቸው ታላቁ ማን እንደ ሆነ እንደ ተከራከሩ ቅዱስ ሉቃስ (22፥24) ጽፎልናል። ይህ ቃል ያጽናናል፤ ያስፈራልም። የሚያጽናናው ጌታ ስለዚህ ነገር ከማዕዱ ያላባረራቸው በመሆኑ ነው። የሚያስፈራው ግን ከቅዱስ ቁርባን ተነሥቶ ወደ ክርክር መሄድ ምን ያህል ቀላል እንደ ሆነ ስለሚያሳየን ነው።

እንግዲህ ኢየሱስን መምሰል ማለት ምኑን መምሰል ነው? ተአምራቱን ልንሠራ፣ በባሕር ላይ ልንራመድ አልተጠራንም። ሐዋርያው ለፊልጵስዩስ ሰዎች በጻፈው መልእክት በምዕራፍ 2 መልሱን ይሰጣል፤ በክርስቶስ የነበረው አሳብ በእነርሱም እንዲኖር ይመክራቸውና ያ አሳብ ምን እንደ ነበረ ያስረዳል። የእግዚአብሔር መልክ ያለው እርሱ ክብሩን አጥብቆ አልያዘም፤ ራሱን ባዶ አደረገ፤ የባሪያን መልክ ያዘ፤ እስከ መስቀል ሞት ድረስ ታዘዘ። ስለዚህ የክርስቶስ መልክ በእኛ ውስጥ የሚታየው ከክብራችን በምንለቀው መጠን ነው ማለት ነው። ይህን በቃል መናገር ቀላል ስለ ሆነ በሀገራችን በተፈጸመ ታሪክ ብንመለከተው ይሻላል።

ሕዝባችን «አቡነ ያዕቆብ» ብሎ የሚጠራቸው ቅዱስ ዮስጢኖስ ዴ ያቆቢስ በ1800 እ.ኤ.አ. በደቡብ ኢጣሊያ በሳን ፌሌ ተወለዱ፤ የቅዱስ ቪንቼንሶ ማኅበር ካህን ሆነው ካገለገሉ በኋላ በ1839 እ.ኤ.አ. ወደ ትግራይ ገቡ። ዓድዋ ሲደርሱ የሚቀበላቸው ማኅበረ ምእመናን አልነበረም፤ ሰውም በጥርጣሬ ይመለከታቸው ነበር። በ1840 መጀመሪያ በዚያች ከተማ በጣት ለሚቈጠሩ ሰዎች ያደረጉት የመጀመሪያ ንግግር እስከ ዛሬ ይታወሳል። የንግግሩ ፍሬ ነገር ክርክር አልነበረም፤ ሕዝቡን ስለ ወደዱ እንደ መጡና ከእንግዲህ ሕይወታቸው የእርሱ እንደ ሆነ ነገሩት። ከዚያም ነገሩን በኑሮ ተረጐሙት። እንደ ሀገሩ መነኰሳት ለበሱ፤ የሀገሩን ምግብ ተመገቡ፤ በእግር ተጓዙ፤ ቋንቋውን እንደ ሕፃን ከሀ ሁ ጀምረው ተማሩ። በራሳቸው የላቲን ሥርዐት ፈንታም በግዕዙ ሥርዐተ ቅዳሴ ጸሎት እንዲቀጥል ፈለጉ። አርባ ዓመት የሞላው፣ በሀገሩ የተከበረ ሰባኪ፣ በሌላ ሀገር ሕፃናት እንኳ የሚያርሙት ተማሪ መሆኑን ስናስብ በፊልጵስዩስ መልእክት የተነገረው ባዶ መሆን ምን ዓይነት ሥጋ እንደሚለብስ እንረዳለን።

ይሁን እንጂ ከእርሳቸው ይልቅ ልቤን የሚነካው የደቀ መዝሙራቸው የብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ታሪክ ነው። አባ ገብረ ሚካኤል በ1791 እ.ኤ.አ. በጎጃም በመርጡለ ማርያም አካባቢ የተወለዱ መነኵሴና ሊቅ ነበሩ። እውነትን ፍለጋ ከገዳም ወደ ገዳም የዞሩ፣ መጻሕፍትን የመረመሩ፣ ደቀ መዛሙርትን ያስተማሩ ሰው ናቸው። በ1841 ከእስክንድርያ ጳጳስ ለማምጣት ወደ ግብፅ ከተላኩት መልእክተኞች ጋር ሲሄዱ አባ ዮስጢኖስም አብረዋቸው ተጓዙ፤ ከግብፅም በኋላ ከመልእክተኞቹ ከፊሎቹ ጋር እስከ ሮማ ደረሱ። ብዙ ወራት የፈጀ ጉዞ ነበር። በመንገድ አብሮ የተጓዘ ሰው ጠባዩን ሊሸሽግ እንደማይችል ሁላችንም እናውቃለን፤ ድካሙ፣ ረኀቡና ሙቀቱ ያልታሰበውን ሁሉ ያወጣል። አባ ገብረ ሚካኤልም ካህኑን በዚያ መንገድ ቀን ከቀን ተመለከቱት።

እርሳቸው ግን ወዲያው አልወሰኑም። ወደ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን የገቡት በ1844 ነው፤ ከመጀመሪያው ጉዞ ሦስት ዓመት ያህል ቆይቶ መሆኑ ነው። አባ ዮስጢኖስም አላቻኰሏቸውም። ብዙዎቻችን በዚህ እንሳሳታለን፤ ያስተማርነው ሰው በቶሎ ፍሬ ካላሳየን እናዝናለን፤ አንዳንዴም እንቈጣለን። የነፍስን ነገር በችኰላ የሚያስወልድ ሰው የሚያገኘው ያልጎለመሰ ፅንስ ነው። ከዚያ በኋላ መምህሩና ደቀ መዝሙሩ አብረው ሠሩ፤ አባ ገብረ ሚካኤል በግዕዝ ዕውቀታቸው የትምህርተ ሃይማኖት መጻሕፍትን በማዘጋጀትና ለክህነት የሚዘጋጁትን በማስተማር ረዱ። ይህን ሳስብ ማን ማንን እንዳነጸ መለየት ያስቸግረኛል። ካህኑ ሊቁን ወደ ክርስቶስ መራ፤ ሊቁ ደግሞ ካህኑን የሕዝቡ አባት አደረገው።

አባ ገብረ ሚካኤል ክህነትን የተቀበሉት በ1851፣ ስድሳ ዓመት በሆናቸው ጊዜ ነው። አራት ዓመት ያህል ብቻ ነው ያገለገሉት። ያ ዘመን ክርስቲያኖች እርስ በርሳቸው በብርቱ የሚጠራጠሩበት ዘመን ነበር፤ ዛሬ የምናነሣው ቁስሉን ለመቀስቀስ እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልኛል። ተይዘው ታሰሩ፤ እምነታቸውን እንዲለውጡ ተጠየቁ፤ አልለወጡም። በ1855 እ.ኤ.አ. በሰንሰለት ታስረው ከሠራዊት ጋር ከስፍራ ወደ ስፍራ ሲወሰዱ በመንገድ ላይ ዐረፉ። ከፍተኛው የሊቅነት መዓርግ ላይ የደረሰ ሰው፣ በመጨረሻ የቀረለት የሚናገርበት ጉባኤ ሳይሆን የሚጎትተው ሰንሰለት ሆነ። በ1926 ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ ዐሥራ አንደኛ ብፅዕናቸውን ዐወጁ። መምህራቸውም ታስረውና ከሀገር ተባረው፣ በ1860 ከቀይ ባሕር ጠረፍ ሙቀት ወደ ደጋው ሲወጡ በአሊጌዴ ሸለቆ በመንገድ ላይ ዐረፉ፤ በሄቦ ተቀበሩ። ቅድስናቸውን ያወጁት ር.ሊ.ጳ. ጳውሎስ ስድስተኛ ሲሆኑ ዘመኑም 1975 ነው። ሁለቱም በመንገድ ተዋውቀው፣ ሁለቱም በመንገድ ሞቱ።

ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ ሰብኬዋለሁ። ደግሞም ስለ ራሴ አንድ ነገር ካልተናገርሁ እውነተኛ አልሆንም። ከዓመታት በፊት በማገለግልበት ቁምስና ለብዙ ዘመን ሕፃናትን ያስተማረ አንድ የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ነበረ። ልጆቹ የመጀመሪያ ቅዱስ ቁርባን ሊቀበሉ በነበረበት ዋዜማ የስም ዝርዝሩን አጓድሎ አመጣ። እኔም በወላጆቻቸው ፊት ክብሩን በሚነካ ቃል ገሠጽሁት። እርሱ አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አላስተማረም፤ ነገር ግን ቅዳሴ አላስታጐለም፤ ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ ይቀመጥ ነበር። እኔ በበኩሌ የሰዓታት ጸሎቴን አላጓደልሁም፤ ዓመታዊ ሱባዔዬንም ፈጽሜ ተመለስሁ፤ በተመለስሁበት እሑድም ስለ ጌታችን የዋህነት ሰበክሁ፤ ስብከቱም መልካም እንደ ነበረ ይሰማኝ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ አንዲት እናት ቀረቡና መስቀል ተሳልመው፣ «አባ፣ ያስተማሩን መልካም ነው፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ያ ልጅም ከኋላ ሆኖ ሲሰማዎት ነበር» ብለውኝ ሄዱ። ሌላ አልጨመሩም።

በዚያች ቀን የተረዳሁት ምንድን ነው? በአራት ወራት ውስጥ አንድም ቀን ሕሊናዬን ስመረምር ስሙ አልተነሣም ነበር። ጸሎቴ ጸሎት ነበር፤ ሱባዔውም ሱባዔ ነበር። ነገር ግን ጸጋ ወደ ልቤ ሊገባ በሚችልበት በር ላይ ያንን ሰው አስቀምጬ በሩን ዘግቼው ነበር። ጌታ ስለ መባ ያስተማረውን (ማቴ. 5፥23-24) ለስንቱ ሰው ስናገር ኖሬአለሁ! መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ መጀመሪያ ወደ ወንድሙ እንዲሄድ የታዘዘው ምእመኑ ብቻ ይመስል።

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1964 ስለ ቤተ ክርስቲያን ባወጣው ሰነድ ቅድስና የካህናትና የመነኰሳት ብቻ ሳይሆን የተጠመቁት ሁሉ ጥሪ መሆኑን አስተምሯል። ይህ ማለት ክርስቶስ መልክ የሚይዝባቸው ስፍራዎች በቤታችሁ አሉ ማለት ነው። እጅ የምትነሡት አማት፣ በርስት የተጣላችሁት ወንድም፣ ደመወዟ የዘገየባት ሠራተኛ፣ በዐረብ ሀገር ሆና ገንዘብ ስትልክ ብቻ የምትታሰብ እኅት፣ እነዚህ ሁሉ ከመንፈሳዊ ሕይወታችሁ ውጭ አይደሉም። ብዙ ሰው ወደ ንስሐ ሲመጣ የጾም ቀን ስለ መሳቱ በዝርዝር ይናገራል፤ ከወንድሙ ጋር ስድስት ዓመት አለመነጋገሩን ግን የሚያነሣው ስጠይቀው ነው፤ ያውም «እርሱ ነው የጀመረው» ከሚል ማብራሪያ ጋር።

ራሳችንን በራሳችን ልንለውጥ አንችልም፤ ይህን ልብ በሉ። ሐዋርያው በሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክት (3፥18) የጌታን ክብር እያየን ያንን መልክ ወደ መምሰል የምንለወጠው በመንፈሱ እንደ ሆነ ያስረዳል። የእኛ ድርሻ ማየትና መፍቀድ ነው። በቅዱስ ቁርባን ፊት ጥቂት ጊዜ በዝምታ መቀመጥ፣ ከወንጌል አንድ ክፍል ሳይቸኵሉ ማንበብ፣ ማታ ከመተኛት በፊት ቀኑን በጌታ ፊት መለስ ብሎ መቃኘት፣ እነዚህ የቈዩና ቀላል መንገዶች ናቸው። በማታው ምርመራ ላይ ግን አንድ ነገር እንድትጨምሩ እለምናችኋለሁ። «ዛሬ ምን ኃጢአት ሠራሁ?» ከማለት አስቀድማችሁ «ዛሬ ማንን ላለማየት ፊቴን አዞርሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ስሙ ቶሎ ይመጣል። ካልመጣም በማግሥቱ ጠይቁ።

ወደ መምህሩ ቤት የሄድሁት በሆሣዕና ዋዜማ ነበር። በመንገድ ላይ የምናገረውን ሳዘጋጅ ሄድሁ፤ ከዝግጅቴ ውስጥ ግማሹ ለራሴ ጠበቃ የሚቆም ነበር። በሩን የከፈተችልኝ ባለቤቱ ናት፤ በርጩማ አውጥታ አስቀመጠችኝ፤ ቡናም ልታፈላ ገባች። እርሱ ከጓሮ እጁን እየጠረገ መጣና መስቀል ለመሳለም ዝቅ ሲል፣ የተዘጋጀሁበት ቃል ሁሉ ጠፋኝ። «ወንድሜ፣ በድዬሃለሁ» አልሁት። እርሱም ለረጅም ጊዜ ዝም ካለ በኋላ፣ «አባ፣ እኔም እኮ ዝርዝሩን አጓድዬ ነበር» አለኝ። ከፋሲካ በኋላ ባለው ሁለተኛ ሳምንት ቅዳሜ ከሕፃናቱ ጋር አገኘሁት፤ ስለ ደጉ ሳምራዊ ሲያስተምራቸው ነበር፤ እኔም ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ ተቀምጬ ሰማሁት።