የናቡቴ ርስት እና የተቆጣጣሪ ተቋማት ነፃነት

ሥልጣን የያዘ ሁሉ የራሱን ሥራ መመርመር ይከብደዋልና፣ መርማሪውን ማን ይሹም፣ መርማሪውስ ለማን ይታዘዝ የሚለው ጥያቄ ከሕግ ጥያቄነቱ አልፎ የሥነ ምግባርና የሃይማኖት ጥያቄ ይሆናል። ገለልተኛ የቁጥጥር ተቋም የሚባለው፣ በሕግ የተቋቋመና በመንግሥት በጀት የሚተዳደር ሆኖ ሳለ፣ አስፈጻሚው አካል፣ ማለትም ከሚኒስትር እስከ ቀበሌ አስተዳዳሪ ሕግን በሥራ ላይ የሚያውለው ክፍል፣ በውሳኔው እጁን እንዳያስገባ የተከለለ መሥሪያ ቤት ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 55 የሰብዓዊ መብት ኮሚሽንና የእንባ ጠባቂ ተቋም እንዲቋቋሙ ሲያዝ፣ በአንቀጽ 101 ዋና ኦዲተርን፣ በአንቀጽ 102 ደግሞ ከማንኛውም ተፅዕኖ ነፃ የሆነ የምርጫ ቦርድን ደንግጓል።

መጽሐፍ ቅዱስ የዚህን ነገር ክብደት በናቡቴ ታሪክ ያሳያል። ንጉሥ አክዓብ የናቡቴን የወይን ቦታ ተመኝቶ ባለርስቱ የአባቶቼን ርስት አልሰጥም ባለው ጊዜ፣ ንግሥቲቱ ኤልዛቤል መሬቱን በጉልበት አልነጠቀችም፤ በንጉሡ ማኅተም የታተመ ደብዳቤ ለከተማው ሽማግሌዎችና ሹማምንት ልካ ሸንጎ አስቀመጠች፣ የሐሰት ምስክሮች አስቆመች፣ ናቡቴም ተፈርዶበት በድንጋይ ተወግሮ ሞተ። በዚያ ከተማ ሸንጎም ሽማግሌም ምስክርም ነበር፤ የታጣው ከማኅተሙ ባለቤት ፈቃድ የተለየ ፍርድ ለመስጠት የሚደፍር ሰው ነው። ስለዚህ የተቋም መኖርና የተቋም ነፃነት አንድ አይደሉም፤ እንዲያውም ነፃነት የሌለው ተቋም በደሉን ሕጋዊ አስመስሎ ስለሚያሳልፈው፣ ተቋም ከሌለበት ሁኔታ የባሰ ጥፋት ሊያደርስ ይችላል።

መሬት የኑሮም የክብርም መሠረት በሆነበት በደቡብ ጎንደር ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም። በደራ ወረዳ መቀመጫ በአንበሳሜ ዙሪያ የሚኖር ገበሬ፣ በይዞታ ማረጋገጫ ደብተሬ ላይ የሰፈረው መሬት ያለአግባብ ተቀነሰብኝ ቢል፣ አቤቱታውን የሚያቀርበው በመጀመሪያ ለቀበሌው ቀጥሎም ለወረዳው ነው፤ በአስተዳደሩ ሥር የተዋቀረ ቅሬታ ሰሚም ቢሆን የሚመረምረው የሚታዘዝለትን አለቃ ሥራ ነው። በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 211 የተቋቋመው የእንባ ጠባቂ ተቋም የታሰበው ለዚህ ክፍተት ሲሆን፣ ሥራውም የአስተዳደር በደልን፣ ማለትም መሥሪያ ቤቶች ሕግ በመተላለፍ ወይም ጉዳይ ያለ ምክንያት በማጓተት የሚያደርሱትን ጉዳት፣ መመርመር ነው። ይሁንና የተቋሙን ቅርንጫፍ ለማግኘት ገበሬው እስከ ባሕር ዳር መዝለቅ አለበት።

ከባዱ ጥያቄ የሹመት ጥያቄ ነው። ሕገ መንግሥቱ ዋና ኦዲተሩንም የምርጫ ቦርድ አባላትንም በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንዲሾማቸው ስለሚደነግግ፣ የመርማሪውን ስም የሚያቀርበው የተመርማሪው አካል መሪ ይሆናል፤ ምክር ቤቱም በአንድ ፓርቲ አባላት ሲሞላ አቅራቢውና አጽዳቂው አንድ ይሆናሉ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምርጫ ቦርድ ማቋቋሚያ አዋጅ ቁጥር 1133 ይህን ለማስተካከል፣ ከሃይማኖት ተቋማት፣ ከምሁራንና ከሲቪል ማኅበራት የተውጣጣ ኮሚቴ ዕጩዎችን እንዲመለምል አድርጓል፤ ይኸው መንገድ በክልል ደረጃ ለኦዲተሩና ለሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽኑ ሹመትም ሊዘረጋ ይገባዋል።

ሹመቱ ቢቃና እንኳ እነዚህ ተቋማት ሰይፍ የላቸውም፤ ኦዲተሩ ጉድለትን ይገልጣል እንጂ አይቀጣም፣ እንባ ጠባቂውም የመፍትሔ ሐሳብ ያቀርባል እንጂ ሹም አይሽርም። ኃይላቸው የሚመነጨው ከሚሰማቸው ሰው ኅሊና ነው። በቀድሞው ዘመን በሕግ አምላክ የተባለ ሰው በቆመበት ይቆም ነበር፤ ተሟጋቾችም በመንገድ የሚያልፍን ሰው ዳኛ አድርገው ያስቀምጡት ነበር፤ መንገደኛው ዘብም እስር ቤትም ሳይኖረው ይታዘዙት የነበረው ከሁለቱም በላይ የሆነ ፈራጅ እንዳለ ስለሚያምኑ ነው። በአንጻሩ ንጉሥ አይከሰስ ሰማይ አይታረስ የሚለው ብሂልም ከዚሁ ሕዝብ አፍ የወጣ ነው። በአንቀጽ 12 ማንኛውም የመንግሥት ኃላፊ ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ እንደሚሆን የደነገገው ሕገ መንግሥት ከሁለቱ የፊተኛውን እምነት መርጧል።

ሕዝብ ያልመረጠው ተቋም ሕዝብ የመረጠውን እንዴት ይቆጣጠራል የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ ተገቢም ነው። መልሱ ነፃነት ከሿሚው ተፅዕኖ መላቀቅ እንጂ ከሕግ በላይ መሆን አለመሆኑ ነው፤ ተቆጣጣሪው ራሱ ግኝቱን ለሕዝብ የማሳወቅ፣ ለውሳኔው ምክንያት የመስጠትና በፍርድ ቤት የመጠየቅ ግዴታ አለበት። በተቆጣጣሪው ላይ እንዲህ ያለ ግዴታ ከተጣለ፣ በተመርማሪው ላይም እኩያው ሊጣል ይገባል፤ የመፍትሔ ሐሳብ የደረሰው የወረዳ ኃላፊ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ መፈጸሙን ወይም የማይፈጽምበትን ምክንያት በጽሑፍ እንዲመልስ ካልተገደደ፣ የተቋማቱ ነፃነት ለአንበሳሜው ገበሬ የሚሰጠው ፍሬ የለም።