ፋሲካ የሌለው ጾም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን! በዐቢይ ጾም 55 ቀናት፣ ቦሌ መድኃኔዓለምም ሆነ ገርጂ ጊዮርጊስ፣ ቅዳሴ ወጥቶ ሁሉ እህል ሊቀምስ ወደ ቤቱ ሲሄድ የማትቀምስ እኅት ትኖር ይሆናል። እኛ «አቤት ጾሟ!» እንላለን። እርሷ ግን የምታስበው ጸሎቱን ሳይሆን ክብደቷን ነው። ረኀቡን በቡና፣ አንዳንዴም በጫት ታስታግሳለች፤ ጫት የምግብ ፍላጎትን ይዘጋልና። ሌሊት ተደብቃ እስኪያማት ትበላለች፤ ከዚያ በግድ ታስመልሳለች። «ነገ አቆማለሁ» ትላለች፤ አትችልም። ነገሩ እንደ ሱስ ይዟታል።

እኅቴ ሆይ፣ መለያው ይኸውልሽ፦ ጾም ሰዓቱ ሲደርስ እህል ይቀመስበታል፤ ፋሲካም አለው። ያንቺው ግን ፋሲካ የለውም። በትንሣኤ ዕለት ቤተሰቡ ማዕዱን ከቦ ሲደሰት አንቺ እንጀራውን ከፈራሽው፣ ይህ ሕመም እንጂ ጽድቅ አይደለም። አዘውትሮ ማስመለስ በደም ውስጥ ያለውን ፖታሲየም ያወርዳል፣ የልብን ምት ያዛባል፤ ሊገድልም ይችላል።

ቅዱስ ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም መድኃኒት መከረው እንጂ «ቻለው» አላለውም (1ጢሞ. 5፥23)። ቤተ ክርስቲያንም የታመመን በጾም አታስገድድም። ስለዚህ ሳታፍሪ ለንስሐ አባትሽ እውነቱን ንገሪ፤ ስለ ጾሙ እርሳቸው ይወስኑልሽ። ጠበሉም ሐኪሙም የእግዚአብሔር ናቸው፤ የአእምሮ ሕክምና በአማኑኤልም፣ ለሰፈርሽ በሚቀርበው በየካ ኮተቤ ሆስፒታልም አለ።

እናንተም ወላጆች፣ «ወፈርሽ፣ ከሳሽ» አትበሏት። ከማዕዱ አብራችኋት ተቀመጡ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።