ስለ መስጠትና ስለ መቀበል

ስጦታ ከሰጪው እጅ በወጣ ጊዜ ሥራው ያለቀ ይመስላል። ዳሩ ግን የስጦታ ዕድሜ የሚጀምረው በዚያች ሰዓት ነው። በባሕር ማዶ ያሉ አንዳንድ የበጎ አድራጎት ማኅበሮች በየጓሮው ተጥለው የሚዝጉትን ብስክሌቶች ሰብስበው እያደሱ፣ ትምህርት ቤት ለራቃቸው የአፍሪካ ተማሪዎች ይልካሉ። ይህን ስናስብ ሁለት ጥያቄ ይመጣብናል። ባለቤቱ የማይፈልገውን መስጠት በእውነት ቸርነት ነውን? መቀበሉስ ክብርን አይነካምን?

ከመፍረዳችን በፊት መንገዱን እንመልከት። በአሶሳ ዙሪያ በገጠር የሚኖር ልጅ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርቱን በቀበሌው ቢጨርስ እንኳ፣ ሁለተኛውን ደረጃ ለመቀጠል ብዙ ጊዜ ወደ ወረዳው ከተማ መሄድ ግድ ይሆንበታል። በዚያ አገር ዝናሙ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ስለሚዘልቅ የእግር መንገዱ ጭቃ ነው። ሴት ልጅ ስትሆን ደግሞ በድካሙ ላይ የመንገዱ ሥጋት ይጨመርባታል፤ ከቤት ስትመለስም ውኃው ይጠብቃታል።

ብስክሌት ይህን ሸክም እንደሚያቀል በሌላ አገር ታይቷል። በሕንድ የቢሀር ግዛት መንግሥት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2006 ዓ.ም. ዘጠነኛ ክፍል ለሚገቡ ልጃገረዶች የብስክሌት መግዣ 2,000 ሩፒ መስጠት ቢጀምር፣ የሚመዘገቡት ልጃገረዶች በሲሶ ያህል እንደ ጨመሩ ተመራማሪዎች ጽፈዋል። በዛምቢያም በ2017 ዓ.ም. በተጀመረ ጥናት፣ ብስክሌት ያገኙት የገጠር ልጃገረዶች ከትምህርት የሚቀሩበት ቀን ከሩብ በላይ ቀንሷል። በዛምቢያ የታደለው ብስክሌት ግን ለገጠር መንገድ ተብሎ የተሠራ ጠንካራ ነበር፤ ከእርሱም ጋራ ጠጋኞች ሠልጥነዋል፣ የሚቈጣጠር ኮሚቴም በየትምህርት ቤቱ ተቋቁሟል።

እንግዲህ የስጦታ ሚዛኑ በተቀባዩ መንገድ ላይ የሚቈይበት ዘመን ነው። አሮጌም ቢሆን ለጭቃና ለጠጠር የሚሆን፣ ጎማውና ካቴናው በአገር ገበያ የሚገኝ ብስክሌት የላከ ሰው በእውነት ሰጥቷል። ለአስፋልት የተሠራውን ቀጭን ጎማ የላከ ግን ጓሮውን አጸዳ እንጂ ምን ሰጠ? አንዲት ካላማዳሪያ ጠፍታ ከትምህርቷ የቀረች ልጅ ተስፋ ተሰጥቷት ተስፋዋን የተነጠቀች ናትና፣ ኀዘኗ ከቀድሞው ይበረታል።

የተቀባይም ዕዳ ከሰጪው አያንስም። ለልጅቱ የመጣውን ብስክሌት አባት ለገበያ፣ ወንድም ለሽርሽር ከወሰደው፣ በደሉ የተፈጸመው በእኛው ቤት ነው። ይህን መጠበቅ የወላጅ፣ የመምህርና የሹም ግዴታ ነው። ደግሞም ብስክሌት መጣ ተብሎ በቅርብ የሚሠራው ትምህርት ቤት ሊዘገይ አይገባም።

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላል ተረታችን። እውነት ነው፤ ለጌጥ የተቀበሉት አያደምቅም። በገዛ እጃችን እየጠገንን፣ ለታሰበላት ልጅ እየጠበቅን የምንገለገልበት ግን ከእንግዲህ የሰው ሊባል አይችልም።